የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ዳግም መታነጽ

የአንድ ጥንታዊ ሕንፃ ዕድሜ የሚለካው በምንድን ነው? በተሠራበት ድንጋይና እንጨት ነው ወይስ ድንጋዩን ከእንጨቱ ጋር ባዋሐደው የእጅ ጥበብ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ደብረ ዳሞ በአድዋና በአዲግራት መካከል የሚገኝ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። መውጫው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ብቻ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ሲሆኑ፣ ወደ አምባው የወጡትም በዘንዶ ጅራት ተንጠልጥለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ንጉሥ ገብረ መስቀል መወጣጫ አበጅቶ እንደ ነበርና ሥራው ሲፈጸም መወጣጫው እንደ ፈረሰም ይተረካል። ምሰሶውንና ሠረገላውን ከዚያ ከፍታ ላይ ማድረስ ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀ ከዚህ ትረካ መገንዘብ አያዳግትም።

ሕንፃው አራት ማዕዘን ሆኖ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። የግድግዳው አሠራር የአክሱም ዘመን ጥበብ ነው። ጥቂት ዙር ድንጋይ በጭቃ ይገነባና በላዩ በውስጥም በውጭም በኩል ረዣዥም እንጨት ይጋደማል፤ ሁለቱን እንጨቶች አጫጭር አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል። የነዚህ አግዳሚዎች ክብ ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። በአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ የምናየው የሕንፃ መልክ ይኸው ነው። በሐውልቶቹ ላይ ለጌጥ የተቀረጸው በዳሞ ግን ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ግድግዳውን ጠፍሮ የያዘው ይህ እንጨት ነውና። ከዚህም ሌላ፣ በመግቢያው ክፍል ጣሪያ ላይ የአንበሳ፣ የዝሆንና የሌሎች እንስሳት ምስል የተቀረጸባቸው የእንጨት ገበታዎች ይገኛሉ።

የአሠራሩ ብርታት ድክመቱንም በውስጡ ይዟል። እንጨቱ ሲበሰብስ ማሰሪያው ይላላል፤ ማሰሪያው ሲላላ ግድግዳው ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ሕንፃውን አጥንቶ በሥዕልና በጽሑፍ መዘገበው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ጥናት አካሂዶበታል። ሕንፃው ግን በእርጅና ብዛት ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ በዴሬክ ማቲውስ መሪነት ታላቅ የጥገና ሥራ ተከናወነ። ያዘነበለው ግድግዳ እየተናደ እንደገና ተገነባ፤ የበሰበሰው እንጨት በአዲስ ተተካ። በአዲስ ዘመን ቁሳቁስ ቢገነባ ኖሮ ሕንፃው ይቆም ነበር፤ ዳሞነቱ ግን ይቀር ነበር። ግንባታው በጥንቱ ሥርዓት በመከናወኑ፣ ጥገናው ራሱ የጥንቱን ግንበኛ አሠራር የሚያስረዳ ትምህርት ቤት ሆነ። ሕንፃው በአንድ ወቅት ብቻ እንዳልተሠራና ከዚያ በፊትም ለውጥና እድሳት እንደ ተደረገለት ሊቃውንቱ አስተውለዋል። በመሆኑም የ1948ቱ ሥራ የነባር ልማድ ቀጣይ ምዕራፍ እንጂ ለታሪኩ ባዕድ አይደለም።

እንግዲህ መልሱ ከዚህ ይገኛል። እንጨት ይበሰብሳል፤ ድንጋይም ቦታውን ይለቃል። ሕንፃን ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሻግረው እንጨቱን ማጋደም፣ አግዳሚውን መቦርቦርና ከድንጋዩ ጋር ማዋሐድ የሚያውቅ እጅ ነው። እጁ ሲጠፋ ሕንፃው ቆሞ እያለ ሞቷል ማለት ይቻላል፤ እጁ ካለ ግን የተናደውም ይነሣል።

ይህ ቁም ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ገዳሙ በከባድ መሣሪያ መጎዳቱ ተዘግቧል። የተጎዳን ቅርስ ለማዳን ገንዘብና በጎ ፈቃድ ያስፈልጋሉ፤ ይሁንና ብቻቸውን አይበቁም። የቀድሞውን ቅርጽ የሚያሳይ ሥዕልና መዝገብ፣ ከዚያም በላይ በጥንቱ ሥርዓት መገንባት የሚችል አናጢና ግንበኛ ሊኖር ይገባል። መምህራን የአገሩን የግንባታ ጥበብ ለተማሪዎቻቸው ቢያስተዋውቁ፣ ሠዓሊያን እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሥዕል ቢመዘግቡ፣ የባህል ሠራተኞችም የአረጋውያን ጠራቢዎችንና አናጢዎችን ዕውቀት በወቅቱ ቢያሰባስቡ፣ ለሚመጣው ትውልድ የሚተርፈው የቆመው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን ዳግም የማቆም ችሎታም ይሆናል።