ፖርቱ ጠፍቶ ቋንቋው ሲቀር

ዛሬ የሚሸጥን ላፕቶፕ ዙሪያውን ቢያገላብጡት፣ ባለ ዘጠኝ እግሩን አሮጌ ሲሪያል ፖርት አያገኙበትም፡፡ ቋንቋው ግን አልሞተም፡፡ የፋብሪካ ማሽኖችና የላቦራቶሪ ሚዛኖች እስከ ዛሬ ይነጋገሩበታል፡፡

አርኤስ-232 የተባለው ደንብ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1960 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ የታሰበውም ቴሌታይፕን ከሞደም ለማገናኘት ነበር፡፡ ቢቶቹን በአንድ ሽቦ በተርታ ይልካል፡፡ ዩኤስቢ በ1996 መጣ፤ በ1998 የወጣው አይማክ ሲሪያሉን ጨርሶ ጣለው፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ፡፡

ታዲያ የድሮው ፕሮግራም ምን ይሁን? እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፡፡ በአዳፕተሩ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከድራይቨሯ ጋር ተባብራ የሌለውን ፖርት እንዳለ ታስመስላለች፡፡ ፕሮግራሙም እንደ ጥንቱ «ኮም 3»ን ከፍቶ፣ ፍጥነቱን 9600፣ ቢቱን 8 ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል፡፡ በሊኑክስማ የፖርቱ ስም ዛሬም «ቲቲዋይ» ብሎ ይጀምራል፤ ቴሌታይፕ ለማለት ነው! ይሁንና ዩኤስቢ መረጃውን አጠራቅሞ በጥቅል ስለሚልክ መልሱ በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ሊዘገይ ይችላል፡፡ ጊዜ ቆጥሮ የሚሠራ አሮጌ ፕሮግራም የሚሰናከለው በዚህ ነው፡፡

ከዚህ የባሰው የመጣው ከድራይቨሩ ነው፡፡ በኦክቶበር 2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ቺፕ ሠሪ፣ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የገባው ድራይቨሩ ተመሳስለው የተሠሩ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ለወጠባቸው፡፡ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲያ አላወቃቸውም፡፡ የተቀጣው እንግዲህ አስመስሎ የሠራው ሳይሆን አዳፕተሩን በቅን ልቡና የገዛው ሰው ነው፡፡ ተቃውሞው ሲበረታ ድራይቨሩ ተነሣ፡፡ ቁጥሩንም መልሶ መጻፍ ይቻል ነበር፤ መንገዱን ለሚያውቅ፡፡