ሉክሪስ ከጩቤው በፊት የተናገረችው

በ1592 እ.ኤ.አ. ለንደን የገባው ወረርሽኝ ቴያትር ቤቶችን አዘጋ። ከተውኔት እንጀራው ለጊዜው የተነጠለው ዊልያም ሼክስፒር ፊቱን ወደ ትረካ ግጥም አዞረ። በ1593 «ቬነስና አዶኒስ»ን፣ በዓመቱ ደግሞ «ሉክሪስ»ን አሳተመ። አታሚው የአገሩ የስትራትፎርድ ልጅ ሪቻርድ ፊልድ ሲሆን፣ መታሰቢያነቱ ለወጣቱ የሳውዝሃምፕተን ኧርል ነበር። ግጥሙ ባለሰባት ስንኝ 265 አንጓዎች፣ በድምሩ 1,855 ስንኞች አሉት። በሽፋኑ ላይ የሴትየዋ ስም ብቻ ሰፍሯል፤ በውስጥ ገጾቹ ራስጌ ግን «የሉክሪስ መደፈር» ይላል።

ታሪኩ በሮማውያኑ በሊቪና በኦቪድ መጻሕፍት የታወቀ ነበር። የሮማ ጦር አርዴያን ከብቦ ሳለ መኳንንቱ በሚስቶቻቸው ጨዋነት ይፎካከራሉ። ኮላቲነስ ሚስቱን ሉክሪስን ከሁሉም አስበልጦ ያወድሳል። ይህን የሰማው የንጉሡ ልጅ ታርኩዊን በእንግድነት ቤቷ ይገባል፤ በክብር ያስተናገደችውን ሴት ሌሊት ሰይፍ ይዞ ይመጣባታል። እምቢ ካለች ገድሏት፣ አንድ ባሪያም ገድሎ ከጎኗ በማጋደም ስትባልግ እንዳገኛት እንደሚያስወራ ዝቶ ይደፍራታል።

ሊቪ ከዚህ በኋላ ወደ ፖለቲካው ይቸኩላል። ሉክሪስ ባሏንና አባቷን አስጠርታ በደሏን ትናገራለች፤ ራሷን በጩቤ ትገድላለች። ከመኳንንቱ አንዱ ብሩተስ ሕዝቡን ያነሳሳል፣ ነገሥታቱ ይባረራሉ፣ ሪፐብሊክ ይመሠረታል።

ሼክስፒር ግን ለዚህ ሁሉ የሰጠው ጥቂት ስንኝ ነው። ታርኩዊን ከመኝታ ቤቱ ሾልኮ ሲወጣ ግጥሙ ገና ከ1,100 በላይ ስንኞች ይቀሩታል፤ አብዛኞቹም የሉክሪስ ናቸው። ሌሊትን፣ አጋጣሚንና ጊዜን በየተራ ትከሳለች። ምክንያቱን ያላወቀች ገረዷ አብራት ታለቅሳለች። ለባሏ ደብዳቤ ስትልክ መልእክተኛው በአይናፋርነት ፊቱ ይቀላል፤ እሷ ግን ነውሬን አውቆብኝ ነው ብላ ትሸማቀቃለች። የትሮይን ውድቀት የሚያሳይ ሥዕል ፊት ቆማም ከተማዪቱን ያስጠፋውን አታላዩን ሲኖንን ትፈልጋለች። የዋህ የሚመስል ፊቱ ታርኩዊንን ያስታውሳታል፤ ሥዕሉን በጥፍሯ ትቧጭረዋለች። የተደፈረ ሰው የሚያድርበትን ፍርሃትና ራስን መውቀስ ደራሲው በእነዚህ ትናንሽ ድርጊቶች አሳይቷል።

ከሞተች በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። አባትና ባል ሬሳዋ አጠገብ ቆመው የማን ነበረች፣ የማንስ ሐዘን ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። ስለ ራሷ ያን ያህል የተናገረችው ሴት ወዲያው የወንዶች ንብረት ሆና ታርፈዋለች።

ስለ ሉክሪስ የሚደረገው ክርክር ከግጥሙ ውጭም ነበር። ሮማ በ410 በተዘረፈች ጊዜ የተደፈሩትን ክርስቲያን ሴቶች ሲከላከል ቅዱስ አውግስጢኖስ ሉክሪስን አንስቷል፤ ንጹሕ ከነበረች ለምን ተገደለች የሚል ነበር ጥያቄው። በዳዩ ሳይሆን ተበዳይዋ እንደገና ተመረመረች። ሠዓሊዎችም አልተዋትም፤ ቲሺያን በ1571 ገደማ ጥቃቱን፣ ሬምብራንት በ1664ና በ1666 ጩቤ የያዘችውን ሴት ሣሉ። ቤንጃሚን ብሪተን በ1946 በኦፔራ አቀረባት። በ2011 ደግሞ ካሚል ኦሱሊቫን በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ መድረክ ግጥሙን ብቻዋን፣ የበዳዩንም የተበዳይዋንም ድምፅ ይዛ ተጫወተችው።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የሚነካት ሠዓሊዋ አርቴሚዥያ ጄንቲሌስኪ ናት። ሠዓሊው አጎስቲኖ ታሲ ስለደፈራት በ1612 ሮም ውስጥ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀረበ። እውነት መናገሯን ለማረጋገጥ ተብሎ ጣቶቿ በገመድ ታስረው እየተጨመቁ መሰከረች፤ እነዚያ ጣቶች የሠዓሊ ጣቶች ነበሩ። ኋላም ሉክሪስን ራሷ ሣለቻት። ሼክስፒር በግጥሙ ለታርኩዊን የሰጠው ቅጣት ስደት ነበር። ታሲም የተፈረደበት ከሮም መባረር ሲሆን፣ ፍርዱ በወጉ ሳይፈጸም ቀርቷል።