ካርል ባርክስ

ካርል ባርክስ (እ.ኤ.አ. 1901–2000) አሜሪካዊ የኮሚክ መጽሐፍ ሠዓሊና ደራሲ ሲሆን፣ ዶናልድ ዳክ በተባለው ዳክዬና በዘመዶቹ ዙሪያ በደረሳቸው፣ ልጅና አዋቂ አብረው በሚስቁባቸው ታሪኮች ይታወቃል። ኮሚክ መጽሐፍ ታሪኩ በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎችና በሥዕሎቹ ውስጥ በሚጻፍ አጭር ንግግር የሚተረክበት ኅትመት ነው፤ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል በየክፍሉ ተሥሎ፣ ጽሑፍ ታክሎበት ያየ አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ አተራረክ እንግዳ አይሆንም።

ባርክስ የተወለደው በኦሪገን ግዛት፣ በሜሪል ከተማ አቅራቢያ ከሚኖሩ ገበሬዎች ነው። በወጣትነቱ የመስማት ችሎታው እየደከመ በመሄዱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋበትም፤ በቅሎ እየነዳ፣ እንጨት እየቆረጠና በማተሚያ ቤት እየሠራ ሥዕልን በአመዛኙ በራሱ ጥረት ተማረ። በ1935 በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ተቀጥሮ፣ በመጀመሪያ በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ የሚያሟሉ ሥዕሎችን ሲሥል፣ በኋላም ለካርቱን ፊልሞች ቀልድ ሲያፈልቅ ቆየ። በ1942 ስቱዲዮውን ለቆ ዶሮ ለማርባት ወደ ገጠር ገባ፤ ከ1943 ጀምሮ ግን በየወሩ የሚወጡ ባለ አሥር ገጽ የዶናልድ ታሪኮችን ራሱ እየደረሰ ራሱ ይሥል ጀመር።

ዶናልድ በ1934 በፊልም ላይ የተፈጠረ፣ ቁጣው የሚቀድመው ገጸ ባሕርይ ነበር። ባርክስ ተስፋና ብስጭት የሚፈራረቁበት፣ ሥራ ይዞ የማይዘልቅ፣ የእኅቱን ልጆች ለማሳደግ የሚታገል ሙሉ ሰው አደረገው። በ1947 ደግሞ አጎት ስክሩጅ ማክዳክን ፈጠረ፤ ይህ ቋጣሪ ቱጃር ሀብቱን በትልቅ ጎተራ አከማችቶ በሳንቲሙ ውስጥ የሚዋኝ ሲሆን፣ ጥሮ ግሮ ያፈራውን እያንዳንዱን ሳንቲም ከነትዝታው ስለሚያስታውስ አንባቢ ይስቅበታል እንጂ አይጠላውም።

የባርክስ ቀልድ ሥሩ የሰው ጠባይ ነው። በ1954 በወጣ አንድ ታሪኩ ስክሩጅ ከገንዘብ ጭንቀት ለመሸሽ፣ ገንዘብን ጨርሶ ወደማያውቁ የሂማላያ ሸለቆ ነዋሪዎች ይሄዳል። የመድኃኒት ጠርሙሱን ቆርኪ ሲጥል አንድ ገበሬ ያነሣዋል፤ ቆርኪው ብርቅ በመሆኑ ሰላማዊው ሕዝብ በምኞት ይታመሳል። ስክሩጅ ብርቅነቱን ለማጥፋት አንድ ቢሊዮን ቆርኪ በአውሮፕላን ያስወርዳል፤ እርሻውም በቆርኪ ይሸፈናል። የዋጋ ምንነት፣ የስስት መነሻና የገበያ መናጋት ለሕፃን በሚገባ ቋንቋ እንዲህ ጠልቀው የተገለጡበት ሥራ ጥቂት ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ የተወለዱት የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችም ከልጅ እስከ ሽማግሌ የሚወደዱት ሁሉም በራሱ ላይ የሚያውቀውን ጠባይ ስለሚነኩ ነው።

በአሣሣሉ መስመሩ ንጹሕ፣ ገጹም ብዙውን ጊዜ በአራት ረድፍ ስምንት ሥዕሎች የሚይዝ ነው። ዳክዬዎቹ የፊታቸው ቅርጽ ቀላል ቢሆንም ቅንድብና ምንቃራቸው ፍርሃትን፣ ተንኮልንና ኀፍረትን ለይተው ያሳያሉ። ተራራው፣ መርከቡና ፍርስራሹ ግን ከናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶግራፎች እየተጠና በጥንቃቄ ይሣል ነበር። በ1957 የወጣውን የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን ፍለጋ ጨምሮ የጀብዱ ታሪኮቹ እውነት የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከ1954 ጀምሮ የትዳር ጓደኛው የነበረችው ሠዓሊት ጋሬ ፊደል በመጻፍና ጥቁሩን ቀለም በመሙላት ታግዘው ነበር።

መጽሔቶቹ የሚወጡት በዲዝኒ ስም ብቻ ስለ ነበር፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሚታተመው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ አንድም አንባቢ ስሙን አላገኘበትም። ሆኖም ልጆች እጁን ከሌሎች ሠዓሊዎች ለይተው «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር፤ አንባቢዎች ማንነቱን ደርሰውበት የጻፉለት በ1960 ነው። ይህ ዘግይቶ የመጣ ምስጋና ለእንዲህ ያለ ባለሙያ ያንሰዋል። በ1966 ጡረታ ወጥቶ፣ ከ1971 ጀምሮ ዳክዬዎቹን በዘይት ቀለም ሣለ። በ1987 ከዊል አይስነርና ከጃክ ከርቢ ጋር በአይስነር የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ። በኦሪገን በ99 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ ሥራዎቹን አሰባስቦ የሚያቀርብ አዲስ ተከታታይ ጥራዝ በ2011 መታተም ጀምሯል።