የቮልስዋገን ሻንሲ ዝገት ጥገና

የቮልስዋገን ሻንሲ ዝገት ጥገና በኢትዮጵያ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለው የቆየ ቮልስዋገን ሲታደስ በዝገት የተበላውን ተሸካሚ ብረት ቆርጦ በአዲስ ላሜራ የመተካት ሥራ ነው። በተመሳሳይ ሻንሲ ላይ ለተሠራው፣ መልኩ የስፖርት መኪና ለሆነው ካርማን ጊያም አሠራሩ በአብዛኛው አንድ ነው። የፊት እግርና ወንበር በዚሁ ብረት ላይ ስለሚታሰሩ ጥገናው የውበት ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ታሪክ

ቮልስ በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈ ሲሆን ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጨረሻው የወጣው ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ነው። ካርማን ጊያ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በጀርመን ተሠርቷል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ቮልሶች እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ይታያሉ።

የሻንሲው አሠራር

የቮልስ ሻንሲ ከመሐል እንደ አከርካሪ የሚያልፍ ባዶ ቱቦ፣ በግራና በቀኙ የተበየዱ ሁለት የወለል ላሜራዎች እና ከፊት የሻንሲ ራስ አለው። የፊት እግር በሻንሲው ራስ ላይ በ4 ቡሎኖች ይታሰራል። የላይኛው አካል በወለሉ ጠርዝ ዙሪያ በቡሎን ይያያዛል። በበሮቹ ሥር ያሉት ባዶ የጎን ቱቦዎች ሞቃት አየር ከሞተሩ ወደ ውስጥ ከማድረሳቸውም በላይ አካሉን ያጠነክራሉ።

የዝገት መንስኤ

ዝገት ብረት ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይፈጠራል፤ ጨው ያፋጥነዋል። በኢትዮጵያ ደጋ እንደ ሰሜን አውሮፓ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስም፤ የጣና ውኃም ጨዋማ አይደለም። ስለዚህ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ዋናው ጠንቅ የክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። ከጢስ ዓባይ ወይም ከሌላ የገጠር መንገድ የተመለሰ መኪና ጭቃው ሳይታጠብ ከቆመ፣ ጭቃው እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ያረጀ የመስታወት ጎማም ውኃ ያስገባል፤ ውኃው ከምንጣፉ ሥር ይተኛል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ የሚፈሰው አሲድ ያንን የወለል ክፍል ቀድሞ ይበላዋል።

ምርመራ

ምንጣፉ ይነሳል፤ ወለሉ ከላይም ከታችም በብረት ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ይመታል፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ካቻቪቴ ሲወጋው የሚገባ ላሜራ መቆረጥ አለበት። በተለይ የሻንሲው ራስ፣ የጎን ቱቦዎቹ፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታ እና የባትሪው ሥር ይፈተሻሉ።

የጥገና ቅደም ተከተል

1. የባትሪው ሽቦ ይፈታል፤ ከፊት ያለው የቤንዚን ታንክ ወጥቶ ከመኪናው ይርቃል። የቤንዚን ቱቦ በመሐለኛው ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ እሱም ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ብየዳ አይጀመርም።
2. አካሉ ከመነሳቱ ወይም የጎን ቱቦ ከመቆረጡ በፊት በበሮቹ ክፍተት ድጋፍ ብረት ይበየዳል። ይህ ከተዘለለ አካሉ ይጣመምና በሮቹ አይገጥሙም።
3. የተበላው ላሜራ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ሥራው በአንድ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ይሆናል፤ ሌላው ጎን ልኩን ይጠብቃል።
4. አዲሱ ላሜራ ተለክቶ ይገጠምና በነጥብ በነጥብ ይያዛል። ከዚያ ቦታ እየተቀያየረ በአጭር በአጭሩ ይበየዳል፤ ሙቀት በአንድ ቦታ ከተከማቸ ቀጭን ላሜራ ይጣመማል። ወፍራም ኤሌክትሮድ ስስ ብረትን ስለሚበሳ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ የሽቦ ብየዳ ይመረጣል።
5. ብየዳው ተስተካክሎ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ መጋጠሚያዎቹ በማሸጊያ ይደፈናሉ፤ ባዶ ቱቦዎቹ ውስጥ ሰም ወይም ዘይት ይረጫል።

የሻንሲ ቁጥር

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመሐለኛው ቱቦ ላይ ተቀርጿል። መኪናው ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ያ ቦታ አይቆረጥም፤ በግራይንደርም አይነካም።

የተለመዱ ስህተቶች

ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ለዓይን ያምራል፤ ስቱኮ ግን ሸክም አይችልም። ከሥሩ የቀረው ዝገት መብላቱን ስለሚቀጥል ጉዳቱ ብረቱ እስኪሰበር ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። በአሮጌው ላይ አዲስ ላሜራ መደረብም በመካከል እርጥበት ያስቀራል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ስለሚያስከትል ዚንኩ አስቀድሞ ይፋቃል፤ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወናል። የታደሰ አሮጌ ቮልስ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ማየት ይገባዋል።