ገደለች የሚለው ግሥ

ስለ ጠለፋ ሲወራ ግሦቹን አዳምጡ። ተጠለፈች፣ ተወሰደች፣ ተደፈረች፣ ሽማግሌ ተላከባት፣ ተዳረች። ልጅቷ የአንዱም ድርጊት ባለቤት አይደለችም። በአበራሽ በቀለ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ የተለየ ግሥ አለ፦ ገደለች። ሕግ እሷን አፍጥጦ ያያት በዚህ ግሥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ የ14 ዓመት ተማሪ ነበረች። በአርሲ፣ ከአሰላ በስተደቡብ ቀርሳ አካባቢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ደረሱባት። ወስደው ጎጆ ውስጥ ዘጉባት፤ ጠላፊው ደፈራት። በማግስቱ እዚያው ያገኘችውን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች። ተከተሏት። መጀመሪያ ለማስጠንቀቂያ ተኮሰች፣ አልተመለሱም። ከዚያ ጠላፊውን መታችው፤ ሞተ። እሷም በነፍስ ግድያ ተከሰሰች።

በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። አንቀጽ 558 ለጠለፋ ቢበዛ የሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ነበር የሚያስቀጣው። አንቀጽ 599 ደግሞ ይብሳል፦ የተደፈረችዋ ደፋሪዋን «በነፃ ፈቃዷ» ካገባች ክሱ ይቀራል። እስቲ ይህን ቃል ቆም ብላችሁ እዩት። ማክሰኞ እምቢ ስትል ማንም ያልሰማት ልጅ፣ ከወር በኋላ ሽማግሌ ፊት አንገቷን ደፍታ «እሺ» ስትል በድንገት ነፃ ፈቃድ ያላት ሰው ትሆናለች። እምቢታዋ ምንም አላስገኘላትም፤ እሺታዋ ግን ወንጀል ያጥባል።

ይሄ «የእኛ ባህል» ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕጉ አርቃቂ ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ጣሊያንም እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ አንቀጽ ነበራት። ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የሲሲሊ ልጅ በ1965 ተጠልፋ «አላገባውም» ስትል አገር ጉድ ብሏል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ «ሰው» ማለት የፍርድ ቤት ቃል ነው የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ለሥራው የሚጠየቅ፣ የትናንቱን የራሴ ነው የሚል ማለቱ ነው። የአበራሽ ጉዳይ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ነገር በቅጽበት ነው የሚለካው፦ ጥቃቱ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል መሆን አለበት። መደፈሩ ትናንት ነበር፣ ጥይቱ ዛሬ። ሁለቱን ከለያየሃቸው ዛሬ ሜዳ ላይ ያለችው ጠመንጃ የያዘች ገዳይ ናት። ካገናኘሃቸው ግን ጥቃቱ ገና አላለቀም፤ የሚያሳድዷት ሊመልሷት ነው፣ የምትመለሰውም ወደዚያው ጎጆ ነው። የትናንቷና የዛሬዋ አበራሽ አንድ ሰው ናት ብሎ ማየት የፍርዱን ውጤት ይለውጣል።

ጉዳዩን የያዘው መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነው። (ወይዘሮ መዓዛ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።) ክርክሩ ሁለት ዓመት ገደማ ወሰደ። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

የሀገር ሽማግሌዎች ግን የራሳቸው ፍርድ ነበራቸው፤ ከቀዬዋ እንድትርቅ ተደረገ። በመንግሥት ሕግ ነፃ፣ በሰፈሩ ስደተኛ።

አርሲ ውስጥ ሴት ዝም የምትልበት ሥርዓት ብቻ ነው ያለው ማለት ግን ውሸት ነው። ሲንቄን ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በባንኩ ስም ይሆናል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምታስይዛት በትር ናት። ሚስት ስትደበደብ ወይም ስትዋረድ፣ በተለይ አራስ ሆና፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይወጣሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ካልጠየቀና ካሳ ካልከፈለ ወደ ቤታቸው አይገቡም። ሽማግሌም ቢሆን ንቆ አያልፋቸውም። ግን በትሯ የምትመጣው ከጋብቻ ጋር ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለተጠለፈች ልጅ እናት ሲንቄ የምታስይዝበት ሠርግ የለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ብሎ ነበር። አበራሽ ስትጠለፍ ይህ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 599ም እኩል በሥራ ላይ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 የጠለፋን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት አደረሰው፤ ጋብቻም ከክስ ማምለጫ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። ርዕሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጀግንነትም መደፈርም፣ አማርኛ በአንድ ቃል ያጨቃቸዋል። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ሂሩት ትባላለች። የሌላ ስም፣ የአበራሽ ሕይወት። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ካመለከቱት መካከል አበራሽ በቀለ ነበረችበት፤ በዚህኛው መዝገብ ተከሳሽ ሳትሆን ከሳሽ ናት።