ስለ ኑዛዜና ስለ አረጋውያን ጧሪ

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዱ ኃጢአትን ለካህን መናገር ነው፥ ሁለተኛውም ስለ ንብረት የመጨረሻ ቃል መስጠት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቀድሞ ዘመን ሁለቱንም የሚሰማው የነፍስ አባት ነበረና። ያዕቆብ ባረጀ ጊዜ በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው ልጁን ዮሴፍን አስማለው፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። እንግዲህ ጧሪና ቀባሪን አስቀድሞ ማሰናዳት የሃይማኖት ሥራ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር በፍትሐ ነገሥት ይመራ ነበር። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ አሰናዳው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ ይባላል። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳውያን፥ 29ኙም ሥጋውያን ናቸው። በልማድ ግን የታመመው ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን ጠርቶ ቃሉን ይሰጥ ነበር፤ ቃሉን የሚያፈርሰውም በግዝት ይያዝ ነበር። በጎንደር ዘመን የመሬትና የውርስ ነገር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ይጻፍ ነበር። ጧሪ ያጣ ሰውም ማር የተቀባ ጣቱን አጥብቶ የጡት ልጅ ያደርግ ነበር፤ ልጁም እየጦረ ወራሽ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ ግዝት ብቻውን አልጠበቀም። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው በግዝት አጽንተው አወጁ፤ ዳሩ ግን በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። የንጉሥ ቃል እንዲህ ከሆነ የድኻው ቃል ምን ይሆናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥርዓቱን በጽሑፍ አጸና። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ቢሆን 2 ይበቃሉ። የቃል ኑዛዜ ግን፥ ይኸውም አባቶች በሞት አልጋ የሚሰጡት፥ በ2 ምስክሮች ቢጸናም ከቀብር ሥርዓት፥ ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚት ከመሾም አያልፍም፤ ተናዛዡ ተርፎ 3 ወር ቢኖርም ይፈርሳል። የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ የሚችል ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያዛል።

ይህ ነገር ዛሬ በቦሌ አራብሳ ይታያል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ በተሠሩት በእነዚህ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሰዎች በዕጣ ከየሰፈሩ ተሰብስበዋል፤ ስለዚህ የአረጋዊውን ቤትና ዘመድ ከጥንት የሚያውቅ ጎረቤት በቀላሉ አይገኝም። አንዲት እናት በሞት አልጋ ላይ ሆና፥ የጦረችኝ ይህች ናት፥ ቤቴ ለእርስዋ ይሁን ብትል፥ ካህኑም ቢሰማ፥ ቃልዋ ቤቱን አያሻግርም። የጦረችውም ባዶ እጅዋን ትወጣለች።

ስለዚህ የነፍስ አባት ሥራ አላለቀም፥ ጊዜው ብቻ ወደ ፊት መጣ። ንስሐ ልጁን ከመታመሙ አስቀድሞ፥ ጧሪህ ማን ነው? ቃልህንስ አስጽፈሃልን? ብሎ ይጠይቀው፤ ከ4ቱም ምስክሮች አንዱ ይሁን። የቀድሞው ካህን በመጽሐፍ ኅዳግ ይጽፍ የነበረውን የዛሬው ካህን በሕጉ ወረቀት ያስጽፍ።