እንቅርት በወሎ ደጋ

መካነ ሰላም በተቀመጠችበት የቦረና ደጋ፥ ዝናም አያሌ ዘመናት አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ዓባይ ቆላ ስላወረደው፥ ከአፋር ምድረ በዳ በግመልና በአጋሰስ የሚወጣው አሞሌም ለገበያና ለወጥ ሲበቃ ይህን ጉድለት ለመሙላት ስላልቻለ፥ እንቅርት ትውልድ ከትውልድ የሚሸከመው ደዌ ሆኖ ኖረ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሕዝቡ እንዴት እንደለመደው ይመሰክራል፤ መለመዱ ግን ያሳዝነኛል፥ ከብዙው የዋህ እንቅርት መካከል ጥቂቱ ነቀርሳ ሲሆን የሚለየው ሳይኖር ዘመን ያልፋልና።

በስዊስ አገር በበርን ከተማ ይህንኑ ደዌ በቀዶ ሕክምና ያክም የነበረው ሊቅ ቴዎዶር ኮኸር፥ እንቅርት ሆኖ የሚያብጠው የአንገት ዕጢ (ታይሮይድ) ፈጽሞ የወጣላቸው ሕሙማን ውለው አድረው ፊታቸው አብጦ ልቡናቸውም ፈዝዞ ባገኛቸው ጊዜ፥ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1883 ለባልንጀሮቹ ገልጦ፥ ነቀርሳ ላልሆነው እንቅርት ከዕጢው ከፊሉን ማስቀረትን መረጠ፤ በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ዕጢ ላይ ስለ ሠራው ሥራ ነው።

ዛሬም ሐኪሙ ነቀርሳ ባገኘ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ሁሉን ቢያወጣ በሽተኛው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የዕጢውን ሥራ የሚተካ ክኒን መዋጥ ግድ ይሆንበታል፥ የድምፅ ነርቭና ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ዕጢዎችም ለአደጋ ይጋለጣሉ፤ ግማሹን ቢያስቀር ደግሞ የደዌው መመለስ ያሠጋዋል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ከመንደሩ ምን ያህል እንደሚርቅ መጠየቅ፥ በእኔ አስተያየት፥ የዕጢውን መጠን እንደ መለካት ያህል የሕክምናው ክፍል ነው።